ዋጋው የወደቀ ፖርሽ፣ ዋጋው ያልወደቀ ዘይት

«የማያዋጣ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል» ይላሉ አበው። በስደት ዓለም ከሚመሠረቱት የማያዋጡ ማኅበሮች አንዱ ሰውና ያገለገለ የቅንጦት ስፖርት መኪና የሚመሠርቱት ነው። ጠጁ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። መኪናው ታጥቦና ተወልውሎ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ይቆማል፤ ወዳጅ ዘመድ «እንኳን ደስ አለህ» ይላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፉም አገር ቤት ይላካል። ሒሳቡ የሚመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ዘይት የመቀየሪያው ቀን ሲደርስ ነው።

በዋሺንግተንና በአካባቢው ስንትና ስንት ወገኖቻችን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች ሆነው የሰውን ፖርሽና የሰውን ፌራሪ ቁልፍ ሲቀበሉና ሲመልሱ ኖረዋል። ለዓመታት የሰው ሲያቆም የኖረ ሰው አንድ ቀን «እስቲ የራሴን ላቁም» ቢል ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ምኞት ነውር አይደለም። ጣጣው ሳይጠይቁ መግዛት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ፖርሽ 911፣ ብዙ ማይል ከሄደ ዛሬ ከአዲስ ቶዮታ ካምሪ ባነሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ገዢው ይህን አይቶ «ዋጋው ወድቋል» ይላል። እውነት ነው፤ የወደቀው ግን የመሸጫው ዋጋ ብቻ ነው። ሞተሩ ይህን ወሬ አልሰማም። የሚጠጣው ዘይት፣ ፊልትሮው፣ የመካኒኩ የሰዓት ክፍያ ሁሉ ዛሬም የውድ መኪና ነው። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ቀላል ስለምትመስል አንዲት ሥራ ይሆናል፤ ዘይት ስለ መቀየር። ዘይቱን ያወቀ ሰው መኪናውን መግዛት እንዳለበትና እንደሌለበት አብሮ ያውቃልና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቮልስ ዘመድ

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ቮልስ ዋገንን ያውቃል። ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተር የላት፣ በነፋስ እየቀዘቀዘች ዳገቱን የምትወጣው ያቺ እንቁራሪት መሳይ መኪና የብዙዎቻችን አባቶች መኪና ነበረች። ቮልስን የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሽ ናቸው። ልጃቸው ፌሪ ፖርሽ በ1948 ብዙ የቮልስ ዕቃዎችን ተጠቅሞ 356 የተባለችውን ስፖርት መኪና አወጣ። ተከታይዋ በሴፕቴምበር 1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ 901 ተብላ ቀረበች፤ ፔጆ «መካከሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው» ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ተባለች። እንደ ቮልስ ሁሉ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ እስከ 1998 ድረስም በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር።

ዝምድናው ግን ዘይቱ ላይ ሲደርስ ይለያያል። ቮልስ የምትጠጣው 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ፊልትሮ እንኳ የላትም፤ ከሥሯ ያለችው ክብ ክዳን ስድስት ፍሬዎቿ ተፈትተው ወንፊቷ በቤንዚን ይታጠብና ይመለሳል፤ አለቀ። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ የተሠራ በአየር የሚቀዘቅዝ 911 ግን በአንድ ቅያሪ 9 ወይም 10 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ያውም በማቀዝቀዣውና በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ዘይት ሳይቆጠር።

ይህ ሁሉ ዘይት ለምን? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ «በአየር ይቀዘቅዛል» ይባል እንጂ ከሙቀቱ ብዙውን ተሸክሞ የሚያወጣው ዘይቱ ነው። ውኃ በሌለበት ሞተር ዘይቱ ማለስለሻም፣ ማጠቢያም፣ ማቀዝቀዣም ነው። ሁለተኛ፣ ስፖርት መኪና ኩርባን በፍጥነት ይዞራል። በተራ መኪና ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ባለው ኮፓ ውስጥ ይተኛል፤ መኪናው በኃይል ሲዞር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ፖምፓው ዘይት መሳቡን ትቶ አየር ይስባል። ብረት ከብረት ለመፋጨት ደግሞ ጥቂት ሰኮንዶች ይበቁታል። ፖርሽ ለዚህ ያገኘው መላ ዘይቱን ከሞተሩ አውጥቶ በቀኝ በኩል ከኋላ መከላከያው ውስጥ በተቀመጠ በርሜል ማስቀመጥ ነው። አንዱ ፖምፓ ከሞተሩ ሥር እየጠረገ ወደ በርሜሉ ይልካል፤ ሌላው ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ ይገፋል።

በዚህ በርሜል ላይ አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ። በ1972 ሞዴል የዘይቱ መጨመሪያ በመኪናው ቀኝ ጎን፣ ውጭ፣ የራሷ ትንሽ በር ተሠርቶላት ነበር። በዓመቱ ግን ቀረች። ሲነገር የኖረው ምክንያት የቤንዚን ማደያ ሠራተኞች የነዳጅ በር መስላቸው ቤንዚን ይሞሉባት ነበር የሚል ነው።

ቀዝቃዛ ሞተር ይዋሻል

ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። ሁላችንም የለመድነው መኪናው አድሮ፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት ነው። በአየር በሚቀዘቅዘው 911 ይህ ልማድ አይሠራም። ሞተሩ ሲጠፋ ከበርሜሉ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዘንጉ ጠዋት ባዶ ሊመስል ይችላል። ያላወቀ ሰው ደንግጦ አንድ ሊትር ይጨምራል፤ ነገም ሌላ ይጨምራል። ሞተሩ ሲሞቅ የተረፈው ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ያልፋል፤ መኪናው እንደ ማገዶ ይጨሳል፤ ባለቤቱም «ሞተሩ አለቀ» ብሎ ጋራዥ ይሮጣል።

ትክክለኛው አሠራር መኪናውን በደንብ ነድቶ ማሞቅ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ማቆም፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ዘንጉን መዝዞ ማየት ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ ሞዴሎች መለኪያው በመሪው ፊት ባለው መስኮት የሚነበብ ነው፤ ዘንግ የሌላቸውም አሉ። ስለዚህ መኪናውን ከመንካት በፊት የራሱን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ግድ ነው።

ርካሹ 911 እና ትንሿ ኩሽኔታ

ዛሬ ኪሳችን ሊደርስበት የሚችለው 911 በአየር የሚቀዘቅዘው አይደለም፤ የእሱ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። የሚገኘው ከ1997 ጀምሮ የወጣው፣ ውኃና ራዲያተር ያለው፣ ፋብሪካው 996 ብሎ የሚጠራው ነው። በዝምድና የሚቀርበው ባለ ሁለት መቀመጫው ቦክስተርም እንዲሁ ነው። የ911ዱ ሞተር ከ8 ሊትር በላይ ዘይት ይጠጣል፤ ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ የሚበቃው 4 ሊትር ተኩል ገደማ ነው።

የ996 ዋጋ የወረደበት አንዱ ምክንያት በሞተሩ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ኩሽኔታ ናት። ይህች ኩሽኔታ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱትን ሰንሰለቶች የሚነዳውን መካከለኛ ዘንግ ትሸከማለች። ከተበላች ዘንጉ ይላቀቃል፤ የቫልቭና የፒስተን ቅንብር ይፋለሳል፤ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል፤ ሞተሩም በአንድ ጊዜ ይሰባበራል። ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ከ2001 እስከ 2005 የነበሩትን ሞዴሎች የሚመለከት የጋራ ክስ በ2013 በስምምነት ተዘግቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ቱርቦና ጂ.ቲ.3 የተባሉት የዚያው ዘመን ሞዴሎች ሞተራቸው ሌላ ስለ ሆነ ይህ ችግር የለባቸውም።

የኩሽኔታዋ መበላት ሁልጊዜ ከውጭ አይሰማም። ከዘይቱ ጋር ግን የብረት ፍንጣሪ ይወርዳል። ለዚህ ነው በዚህ መኪና ላይ ዘይት መቀየር የደም ምርመራ ያህል የሚቆጠረው።

አሠራሩ

ዘይቱ የሚፈሰው ሞተሩ ሞቆ ነው፤ ሙቅ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። መኪናው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ክሪክ የሚገባው በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ከገባ ሥሩን ይጨፈልቃል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ሞትን መጥራት ነው። የሚደግፉት የብረት እግሮች ከየአቅጣጫው ይቆሙለት፤ መኪናውም ደልዳላ ይሁን፤ ያዘነበለ መኪና አሮጌ ዘይት ይዞ ይቀራል።

የማፍሰሻው ቡሎን የሚገባበት አካል አሉሚኒየም ነው። እንደ ጭነት መኪና ጎማ በሙሉ ጉልበት ካጠበቁት ጥርሱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው የዘይት መሆኑ ይቀራል። በ996 የዚህ ቡሎን ጥብቀት 50 ኒውተን ሜትር፣ የፊልትሮው ቤት 25 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካ ቁልፍ የሌለው ሰው ይዋስ። ከቡሎኑ ሥር ያለችው ሮንዴላ በየቅያሪው አዲስ ትሆናለች፤ የሳንቲም ዕቃ ናት፤ አሮጌዋን መልሶ ማስገባት የሚያንጠባጥብ መኪና ማትረፍ ነው።

አዲሱ ዘይት ማንኛውም «ጥሩ ዘይት» አይደለም። ለ996 በጠርሙሱ ጀርባ ፖርሽ ኤ40 የሚል የፋብሪካው ፈቃድ ሊኖር ይገባል። 0ደብልዩ-40 ወይም 5ደብልዩ-40 የሚለው ጽሑፍ ውፍረቱን ይነግራል፦ «ደብልዩ» ክረምት ማለት ነው፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል፤ ከኋላው ያለው ሞተሩ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። ሲሞሉ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይገለብጡም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነውና፣ ከሚፈለገው ትንሽ አጉድሎ መሙላት፣ መለካት፣ ቀስ እያሉ መጨመር ነው።

ፊልትሮው ምን ይላል?

አሮጌውን ፊልትሮ ሳያዩ የሚጥል ሰው የሐኪምን ወረቀት ሳያነብ እንደሚቀድ ሰው ነው። የ996 ፊልትሮ የወረቀት ነው፤ በመቀስ ተቆርጦ እጥፋቶቹ በብርሃን ይዘረጋሉ። ጥቁር የሆነ ንጹሕ ዘይት አያስደነግጥም፤ የዘይት ሥራው ቆሻሻ መሸከም ነው። የሚያብረቀርቅ ፍንጣሪ ከታየ ግን ማግኔት ይቀርብለት። ማግኔት የሚይዘው የብረት ዘር ነው፤ ከኩሽኔታ ወይም ከሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይዘው አሉሚኒየም ወይም መዳብ መሰል ነገር ሌላ ክፍል እየተበላ መሆኑን ይጠቁማል። የፕላስቲክ ስብርባሪ ሰንሰለቱ ከሚደገፍበት መመሪያ የወጣ ሊሆን ይችላል። ብዛት ያለው ብረት የታየበት መኪና ቆሞ ባለሙያ ይጠራለት እንጂ «እስቲ እቤት ድረስ» ተብሎ አይነዳም። የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ከሚፈሰው ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ዘይት ለሚመረምር ላቦራቶሪ በፖስታ መላክ ይችላል።

«እኔ እኮ ለእሑድ ብቻ ነው የምነዳው» የሚል መከራከሪያ አለ። ዘይት ግን ቆሞም ያረጃል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ ውኃና ያልተቃጠለ ቤንዚን በዘይቱ ውስጥ ይከማቻሉ፤ አሲድም ይፈጠራል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ5 ሺህ ማይል፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ቀይሩ ይላሉ።

በገዛ እጅ ወይስ በጋራዥ?

ቅንጦቱ ሲበዛ ምርጫም አይኖርም። በ2005 የወጣው ቡጋቲ ቬይሮን 16 ሲሊንደርና አራት ቱርቦ አለው፤ የመኪና ጋዜጦች ደጋግመው እንደዘገቡት 16 ማፍሰሻዎች ስላሉት፣ ብዙ የአካሉ ክፍልም መፈታት ስላለበት፣ አንድ የዘይት ቅያሪ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። የእኛ ሰው የሚያገኘው 911 ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የሚያስፈልገው ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ሮንዴላና ትዕግሥት ነው፤ መሣሪያው ያለው ሰው ከሰዓት በኋላውን ሰጥቶ ይጨርሰዋል። መቆጠብ የሚቻለው ጉልበት ላይ ነው፤ ዘይቱ ላይ የቆጠበ ሞተሩን አሲዟል።

የወጣውን 8 ወይም 10 ሊትር አሮጌ ዘይት ጎርፍ መውረጃ ውስጥ መድፋት በሕግም በሰውም ያስወቅሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአንድ ቅያሪ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች አሮጌ ዘይት ያለ ክፍያ ይቀበላሉ፤ በዘይቱ ዕቃ ሞልቶ ወስዶ መስጠት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያገለገለ ስፖርት መኪና ሊገዙ ከሆነ ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ቀለሙና ስለ ቆዳ ወንበሩ አይሁን። የዘይት ቅያሪውን ደረሰኝ ይጠይቁት፤ በየዓመቱ፣ በየማይሉ የተጻፈውን። ኩሽኔታዋ ተለውጣ እንደ ሆነም ወረቀቱን ያሳይዎት። ቃል ብቻ ካለው፣ በእርስዎ ወጪ ዘይቱ ተቀይሮ ፊልትሮው እፊትዎ እንዲቆረጥ ይጠይቁት። የጥቂት መቶ ዶላር ጉዳይ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷል፤ ቁልፉን መልሰውለት በካምሪዎ ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ከፈቀደ፣ ፊልትሮውም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ቢያቆሙት «እንኳን ደስ አለዎት» የምንል እኛም ነን።