የአቃቂ ማኅደሮችና የዶክትሬት ተማሪው እንጀራ

በሀገራችን በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በፎክሎር ወይም በፍልስፍና ሦስተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ነው። ደመወዙ ሳይቋረጥ ይማራል፤ ሲጨርስም ወደ ላከው ተቋም ተመልሶ ያስተምራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከጥቂቶች ተነሥቶ ከ40 በላይ እስኪደርስ ድረስ ይህ መንገድ ለብዙዎች በቅቷል። አዲስ ዩኒቨርሲቲ መክፈቱ ሲረግብ ግን፣ በተለይ ላኪ ሳይኖረው በራሱ ወጪ ለሚማረው፣ በሩ ይጠባል። ሌላ በር የሚከፈተው መዛግብት በሚሰበሰቡበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በአዲስ አበባ ለዚህ የሚመች ቦታ ምረጥ ብባል አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማን እመርጣለሁ።

ማስረጃዬ የብራና መጻሕፍት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ዓላማው መጻሕፍቱን ከጥፋት ማዳን ነበር። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂያቸውም በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ተቀመጠ። ፊልሙ ካታሎግ ጠየቀ፤ ካታሎጉ ደግሞ ግዕዝ አዋቂ ጠየቀ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ ሚኒሶታ ሄደው ዐሥርተ ዓመታት የደከሙት በዚህ ሥራ ነው፤ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡ የፊሎሎጂ ተማሪዎች ርእሳቸውን ከዚያው ካታሎግ እየቀዱ በሀገር ውስጥም በውጭም ተመርቀዋል። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል፦ መጀመሪያ መዝገቡ ዳነ፤ ሥራውና ጥናቱ ተከትሎት መጣ።

ብራናው ያገኘውን ክብር የአቃቂ ፋብሪካዎች ማኅደር እስካሁን አላገኘም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ያለፈው በአቃቂ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫም የዚሁ አካባቢ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ መለዋወጫው፣ ብረታ ብረቱና ምግብ ፋብሪካው ሠራተኛውን ከየአቅጣጫው ሰበሰቡት፤ በ1963 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ በ1975 ትልልቅ ድርጅቶች ሲወረሱ፣ ኋላም ወደ ግል ሲዛወሩ የአቃቂ ወዝ አደር ሁሉንም በራሱ ሕይወት አየው። የደመወዝ መዝገቡ፣ የቅጥር ማኅደሩ፣ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የአደጋ ሪፖርቱ የዚያ ሕይወት ምስክሮች ናቸው። ለታሪክ ተማሪው ይህ የደመወዝና የአድማ ታሪክ ነው። ለቋንቋ ተማሪው ደግሞ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ማሽን ዙሪያ እንዴት እንደተገናኙ፣ ሠራተኛው ለማሽኑ ክፍሎች ምን ስም እንዳወጣ የሚጠየቅበት ነው። የፎክሎር ተማሪው ዕድሩንና ቀልዱን፣ የቴአትር ተማሪው በደርግ ዘመን የተቋቋሙትን የኪነት ቡድኖች ያገኝበታል። ድርጅት ባለቤቱን ሲለውጥ አዲሱ ገዢ የሚፈልገው ሕንፃውንና ማሽኑን ነው፤ አሮጌ ማኅደር ቦታ የሚይዝ ዕቃ ሆኖ ይታየዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ጠባብ ርእስ ነው፣ ከአቃቂ አልፎ ማን ያነበዋል የሚል አይጠፋም። ግን በ1937 በሰሜን ሮዴሽያ የተቋቋመው የሮድስ ሊቪንግስተን ተቋም የመዳብ ማዕድን ከተሞችን ሠራተኞች አጥንቶ የዓለምን የአንትሮፖሎጂ አስተሳሰብ ለውጧል። ጥናትን ሰፊ የሚያደርገው ጥያቄው እንጂ የቦታው ስፋት አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ሀገሪቱ የሚያስፈልጋት መሐንዲስ ነው፤ ከተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወስኖ የነበረውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው ያለው። መሐንዲሱ እንደሚያስፈልግ አልክድም። የአቃቂን ወንዝ ብክለት የሚለካው እሱ ነው። ፋብሪካዎቹ ለምን ወንዝ ዳር እንደተተከሉ፣ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያለማው ገበሬ ስለ ወንዙ ምን እንደሚያውቅና ለምን ሌላ ምርጫ እንዳጣ ግን ከመዝገብና ከሰው አፍ እንጂ ከቤተ ሙከራ አይገኝም። ያን ሳያውቁ የሚያወጡት ደንብ ገበሬውን ከማሳው ያስነሣው ይሆናል፤ ወንዙን ማጽዳቱ ግን ያጠራጥራል።

የሚቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ብዙ እውነት አላቸው። ከ1980 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ያለው ኦስሪያና ከ1973 ጀምሮ ዳካር ያለው ኮዴስሪያ የተባሉት የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ድርጅቶች ለወጣት ተመራማሪዎች ድጋፍ ሰጥተዋል፤ ውድድሩ ግን አፍሪካን የሚያካልል፣ ገንዘቡም ጥቂት ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ በ1986 የተዘጋው የዞልፈራይን የድንጋይ ከሰል ማውጫ በ2001 የዓለም ቅርስ ሆኖ ለብዙ የባህል ባለሙያ ሥራ ፈጥሯል፤ ያን ያህል ሀብት እዚህ የለም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ግን አለ። የምረቃ ኮሚቴዎች የተማሪውን የማኅደር ካታሎግና የተቀዳ ቃለ መጠይቅ የመመረቂያው አካል አድርገው ቢቀበሉ፣ ክፍለ ከተማው አንድ ደረቅ ክፍል ቢሰጥ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የማኅደር አያያዝን ቢያሠለጥን፣ ተማሪው ከዲግሪው ጋር መዝገብ ቤት የማደራጀት ሙያ ይዞ ይወጣል፤ ባንኩም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ሙዚየሙም የሚፈልገው ሙያ ነው። ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በ18 ዓመቱ ፈረቃ የገባ ሠራተኛ ዛሬ 80 አልፎታል፤ ቃለ መጠይቁ ለመመረቂያው የመጨረሻ ዓመት ሳይቆይ ርእሱ በጸደቀበት ሳምንት መጀመር አለበት።