ፊደልን አስተካክሎ መጻፍ ለሕፃናት ለምን ያስፈልጋል?

በሐዋሳ ከተማ የሚማር ሕፃን ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ የተለያዩ የአጻጻፍ ሥርዓቶች ይገጥሙታል። ሲዳሙ አፎን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግእዝ ፊደል ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ የላቲኑን ፊደል በራሱ ደንብ ይጠቀምበታል።

በመሆኑም ሕፃናት ሲጽፉ የሚፈጽሙት ስሕተት ሁሉ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ለምሳሌ "ኤክስ" የተባለው ፊደል በሲዳሙ አፎ የ"ጥ"ን፣ "ሲ" የተባለው ደግሞ የ"ጭ"ን ድምፅ ይወክላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሌላ ድምፅ አላቸው። ሲዳሙ አፎ የሚጠብቅን ድምፅ ፊደሉን በመደጋገም ያሳያል። አማርኛ ግን መጥበቅና መላላትን በፊደል አይለይም፤ "ገና" የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ "እስካሁን" የሚለውን ሐሳብ ይገልጻል። በአንጻሩ "ሠረቀ" እና "ሰረቀ" በንባብ አንድ ሲሆኑ፣ በጥንቱ አጻጻፍ የመጀመሪያው የፀሐይን መውጣት፣ ሁለተኛው ሌብነትን ያመለክታል።

አጻጻፍን በሚገባ ያልለመደ ሕፃን ለእያንዳንዱ ፊደል ሲጨነቅ ሊጽፍ ያሰበውን ይዘነጋል፤ እርግጠኛ ያልሆነባቸውንም ቃላት እያወቃቸው ይተዋቸዋል። አጻጻፉን የለመደ ሕፃን ግን ትኩረቱን ለሐሳቡ ይሰጣል፤ ንባቡም ይቀልለታል።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍልም ያልፋል። "ኃይሉ" እና "ሀይሉ" ሲነበቡ አንድ ቢሆኑም፣ በልደት የምስክር ወረቀትና በትምህርት ማስረጃ ላይ ተለያይተው ከተጻፉ ባለጉዳዩን ለእርማት ሊያመላልሱት ይችላሉ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ያለበት በመሆኑ፣ ወላጆች የልጃቸውን ስም አጻጻፍ አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።

ስለሆነም ወላጆችና አሳዳጊዎች የሚከተሉትን እንዲያደርጉ ይመከራል፦

• ልጅዎ በየዕለቱ ጥቂት መስመሮችን ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብ ያድርጉ፤
• በሳምንት ጥቂት ጊዜ አጭር የቃል ጽሕፈት ያጽፉት፤ የጻፈውንም ከመጽሐፉ ጋር ራሱ አስተያይቶ እንዲያርም ያድርጉ፤
• ሲሳሳት ከመቆጣት ይልቅ የየትኛውን ቋንቋ ደንብ እንደተጠቀመ ይጠይቁት፤
• ሙሉ ስሙን በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ በሰፈረው አጻጻፍ መጻፍ ያስተምሩት፤
• ማንኛውንም ሰነድ ሲቀበሉ ስሙን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ስሕተት ካገኙም ከመስኮቱ ሳይርቁ እንዲታረም ይጠይቁ።