ደንቆሮ ጫካ በውርጭ ወራት

ስሙን አዲስ የሰማ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፦ ደንቆሮ ጫካ። የወሎዋ የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ግን ሳይስቅ ይጠራዋል። ከከተማው በስተሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተዳፋቱን የለበሰው ደን፣ በውስጡ የሚወርደው ወንዝም ጭምር፣ ድሮም ስማቸው ይኸው ነው። በመንግሥት መዝገብ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የተባለው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ወረሂመኖ ሲጨመርበት ስሙም ስፋቱም አደገ። መጀመሪያ የተከለለው 4,375 ሄክታር ነበር፤ ከ1,900 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,699 ሜትር ይወጣል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ወቅቱን ይምረጥ። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ብርዱ የሚጠናው ሰማዩ ሲጠራ፣ በበጋ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ በጋ ታኅሣሥ 26 ገብቶ መጋቢት 25 ይወጣል። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱ የቀን ሙቀቱን የሚያስቀርለት ክዳን የለውም፤ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ባቄላው በአበባ ላይ ሳለ የመታው ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የደጋ ገበሬ ሊነግርዎት ይችላል። ለእግረኛ ግን ይህ ወራት የተመቸ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው።

ሽቅብ ሲወጡ ዛፉ ከእርምጃዎ ጋር ይለወጣል። ከታች ወይራና ጥድ አለ። ከዚያ ኮሶው ይመጣል፤ አያቶቻችን አበባውን ወቅጠው ለሆድ ትል ሲጠጡት የኖሩት። ከኮሶው በላይ አስታና አምጃ ይተካሉ፤ ቁመቱ እያጠረ ሄዶ ድንገት ዛፍ ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። ጓሳ የሚባለው ሣር በየጉብታው ተነስንሷል፤ በመሀሉ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል።

ጭላዳዎቹ የሚያድሩት በገደሉ ላይ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው እንደ ሰው ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ በጋው ጠንቶ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ይቆፍራሉ። ሣር በልቶ የሚኖር ሌላ የዝንጀሮ ዘር በዓለም የለም። ቀይ ቀበሮን ማየት ግን ዕድል ይጠይቃል። በመላው አገሪቱ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ምግቡ የሜዳ አይጥ ነው፤ የሚያድነውም ዐይኑ ሩቅ በሚያይበት ገላጣ ላይ ነው።

ጫካው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። የወሎ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዛፍ ማክበርን አያጣውም፤ አድባር ላይ መጥረቢያ አይነሣም። መስከረም 16 ወይም 17 ደመራው ነዶ ምሰሶው በወደቀበት አቅጣጫ የዓመቱን ነገር የሚተነብዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። በገና ጨዋታ ሰሞንም ጎረምሳው ጫፉ የጎበጠ ዱላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ያስሳል። በችቦና በገና ዱላ ያለቀ ደን ግን አላውቅም። ደጋውን ያራቆተው ለእርሻ የተደረገው ምንጣሮ፣ ማገዶው፣ ከሰሉና ልቅ ግጦሹ ነው። ደንቆሮን ያተረፈው ክብሩ ብቻ እንዳይመስለን፤ በሬ የማይጠመድበት ገደሉም ውለታ አለው።

አስታ ደግሞ በቀላሉ እጅ አይሰጥም፤ ቢቆርጡት ወይም እሳት ቢበላው እንኳ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዘመዶቹ በእንግሊዝ አገር ገላጣ ሜዳዎች ላይ ይበቅላሉ። እዚያ የጥብቅ ቦታ ጠባቂዎች ወፍ ጎጆ በማይሠራበት በብርዱ ወራት መጋዝ ይዘው ወጥተው ዛፍ ይቆርጣሉ። ሜዳው ካልተመነጠረ ጥድና ሌላ ዛፍ ወርሮት፣ በዚያ የሚኖሩት ወፎችና እንሽላሊቶች መድረሻ ያጣሉ። ዛፍ መቁረጥ ጥበቃ የሚሆንበት አገር አለ ማለት ነው።

በቦረናና በሳይንት መጥረቢያ ይነሣ አልልም፤ የእኛ ደን ገና ከመጥረቢያ አላረፈም። ከዚያ የምንወስደው ሌላ ነገር ነው፦ ገላጣ ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ ይዘን እንወጣለን፤ መልካም ነው፤ የተራቆተው ተዳፋት ይተከልበት። ጓሳው ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ግን የቀይ ቀበሮን ማዕድ መሸፈን ነው። ጥላውና ሥሩ ሣሩን ያሳሳዋል፤ ሣሩ ሲሳሳ አይጡ ይሸሻል፤ ቀበሮውም ተከትሎ ይጠፋል። የመንዝ ሰዎች የሣር ሜዳ ዋጋ ገብቷቸው ነው ጓሳቸውን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲከፈት ብቻ ለጣሪያ ክዳን እያጨዱ ያኖሩት።

በጥር መሄድ ከቻሉ ከደሴ አቀስታን አልፈው መካነ ሰላም ይደሩ፤ ጋቢ አይርሱ፤ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር በማለዳ ይነሡ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይቀመጡ፤ ጭላዳዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ መውጣታቸው አይቀርም።