የባሕር ጠለል ለውጥና የዋልታ በረዶ ግግር

በየብስ ላይ ያለ በረዶ ሲቀልጥ የባሕር ጠለል ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ባሕር ደግሞ በተራው በሌላ የምድር ጫፍ ያለን የበረዶ ግግር ሊያናጋ ይችላል። ለዚህ ዋናው ምሳሌ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ በአንታርክቲካ የታየው ለውጥ ነው።

የመንሳፈፍ ሕግ

የምዕራብ አንታርክቲካ የበረዶ ግግር አብዛኛው ክፍል የሚያርፈው ከባሕር ጠለል በታች ባለ መሬት ላይ ነው፤ አንዳንዱ ስፍራ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በረዶ ከባሕር ውኃ 10 በመቶ ያህል ስለሚቀል፣ ውፍረቱ ካልበቃ ይንሳፈፋል። ለምሳሌ 900 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ መሬት ረግጦ ለመቆም 1,000 ሜትር ያህል ውፍረት ያስፈልገዋል። ባሕሩ በ90 ሜትር ከፍ ቢል ደግሞ 1,100 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ይህን ካላሟላ ከመሬቱ ይላቀቃል፤ የሚገታው ሰበቃ ስለሚቀንስም ከኋላው ያለው በረዶ ወደ ባሕር ፈጥኖ ይፈሳል።

የበረዶ ዘመን ማብቂያ

ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሰሜን አሜሪካና ሰሜን አውሮፓ በአብዛኛው በግዙፍ በረዶ ተሸፍነው ነበር። የባሕር ጠለልም ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንታርክቲካ በረዶ ዛሬ የሮስ ባሕር በሚባለው ሰፊ ስፍራ መሬት ረግጦ ቆሞ ነበር። የሰሜኑ በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ አለ፤ ከ14,500 ዓመታት ገደማ በፊት በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ብቻ ከ10 ሜትር በላይ ጨመረ። በ2020 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የታተመ የኮምፒውተር ሞዴል ጥናት፣ ይህ ከሰሜን የመጣ ለውጥ የአንታርክቲካን በረዶ መስፋትና መሸሽ እንዳጎላው አሳይቷል።

ተቃራኒው ውጤት

ባሕር በሁሉም ቦታ እኩል ከፍ አይልም። ግዙፍ በረዶ በስበቱ የባሕር ውኃን ወደ ራሱ ይጎትታል። በረዶው ሲያንስ ስበቱ ይቀንሳል፤ ተጭኖት የነበረው መሬትም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ በሚቀልጠው በረዶ አጠገብ የባሕር ጠለል ዝቅ ስለሚል ሽሽቱ ሊዘገይ ይችላል። ከሩቅ የቀለጠ በረዶ ግን ይህን እፎይታ አይሰጥም፤ ባሕሩን ከፍ ያደርጋል እንጂ።

የቀይ ባሕር ማስረጃ

ያለፈው የባሕር ጠለል ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ የቀይ ባሕር ደለል ነው። ቀይ ባሕር በባብ ኤል መንደብ አካባቢ ያለው መግቢያው ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የባሕር ጠለል ሲወርድ ከውቅያኖስ የሚገባው ውኃ ይቀንስና ጨዋማነቱ ይጨምራል። ለውጡም በደለሉ ውስጥ በተቀበሩ ጥቃቅን ዛጎሎች የኦክስጅን አይሶቶፖች ይለካል።

ለዛሬ ያለው ትርጉም

የግሪንላንድ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ጠለል በአማካይ 7 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። ያለፈው ታሪክ እንደሚያሳየው ከሰሜን የሚመጣው ውኃ በደቡብ ዋልታ ያለውን በረዶም ይነካል። ስለዚህ የሁለቱ ዋልታዎች በረዶ ለየብቻ ሳይሆን አብሮ ይጠናል።