ስኳር ያልገባበት ሻይ

እናቴ ስኳር እንድትቀንስ ሐኪም ካዘዛት ወዲህ ከሁሉም የከበዳት የጠዋት ሻይዋ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ለምዳ የኖረች ሴት፣ ያለ ስኳር ሲቀርብላት አንዴ ፉት አለችና «ይሄ ከኮሶ በምን ይሻላል?» ብላ አስቀመጠችው።

ለንግድ ጓንግዙ የሚመላለሰው ወንድሜ ባለፈው ሰሞን አንድ ጣሳ ሻይ ይዞላት መጣ። ቀረፋ የለው፣ ቅርንፉድ የለው፣ የአበባ ሽታ አልተጨመረበት፤ ከሁለት የቻይና አካባቢዎች የመጣ ጥቁር ሻይ ቅጠል ብቻ ተደባልቆ የታሸገ ነው። እኛም እንደ ልማዳችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምረን አሥር ደቂቃ አንተከተክነው። ከቤታችን ሻይ የባሰ መረረ። «የቻይናውም ያው ነው» አለች እማዬ። ጥፋቱ ግን የሻዩ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ሻይ ቅጠል ሙቅ ውኃ ሲነካው ቶሎ መዓዛውንና ጣዕሙን ይሰጣል። እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ አፍ የሚያደርቀውና የሚመረው ነገር እየበዛ ይሄዳል። የእኛን ቤት ሻይ ብዙ ስናፈላው ምሬቱን የሚሸፍኑልን ቅመሙና ስኳሩ ናቸው። ስኳሩ ሲነሳ ምሬቱ ተገልጦ ይቀራል።

ጣሳው ውስጥ ካሉት ቅጠሎች አንደኛው በአንሁዊ ግዛት ከምትገኘው ከቺመን የመጣ ነው፤ በገበያ «ኪሙን» ይሉታል። በዚያ አካባቢ ጥቁር ሻይ መዘጋጀት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ጥቁር ሲሆን፣ ሽታው ካካዎን ያስታውሳል። ሁለተኛው ከደቡብ ምዕራቧ ዩናን የመጣ ነው። ቅጠሉ ትልልቅ፣ ጫፉ ወርቃማ ነው፤ ጣዕሙ ወፈር ያለና ማር ማር የሚል ነው። አንዱ መዓዛውን፣ ሌላው ጉልበቱን ስለሚሰጥ ሲደባለቁ ይደጋገፋሉ። ቻይናዎች እኛ ጥቁር የምንለውን ሻይ በውኃው ቀለም «ቀይ ሻይ» ብለው ይጠሩታል። «ሻይ» የሚለው ቃላችንም ቢሆን መነሻው «ቻ» የሚለው የቻይናዎች ቃል ነው፤ በፋርስና በዓረብ በኩል ዞሮ ደረሰን።

ታዲያ እንዴት ይዘጋጅ? ለአንድ መካከለኛ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) ሞላ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይበቃል፤ ከ2 እስከ 3 ግራም ይሆናል። እንዲህ ላለው ሻይ የሚመከረው የውኃ ሙቀት ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ነው። በዚህ በኩል አዲስ አበቤ ዕድለኛ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውኃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከምድጃ አውርዶ ወዲያው ማፍሰስ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ያላችሁ ግን ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ታገሡት። ቅጠሉን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ውኃውን አፍሱበት፤ ከድናችሁ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጠብቁና አጥልሉት። ቅጠሉን አትጣሉት። በሁለተኛ ውኃ፣ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ብታቆዩት፣ አሁንም ጥሩ ሻይ ይወጣዋል።

ስትቀምሱት መጀመሪያ የራሰውን ቅጠል አሽትቱ። ከዚያ ትንሽ በረድ ሲል ከአየር ጋር ሳቡት። ድምፅ ማሰማት በእኛ ዘንድ ነውር ቢሆንም የሻይ ቀማሾች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መዓዛው ወደ አፍንጫ የሚወጣው ያኔ ነውና። ለባለሙያዎች በወጣው ዓለም አቀፍ የአቀማመስ ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል ተጨምሮ 6 ደቂቃ ይቆያል። እንዲህ የሚያጠነክሩት የሻዩ ጉድለት እንዲጋለጥ ነው እንጂ እንዲጣፍጥ አይደለም፤ ለቤት አይሆንም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። ሻይ ቅጠል ሽታ ይስባልና ከኮረሪማ፣ ከበርበሬና ከቡና አርቃችሁ፣ በጥብቅ በሚከደን ዕቃ አስቀምጡት። ሻይ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የምናገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ስለሚያደርግ፣ በተለይ ደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡት ይመረጣል።

ጣሳውን ለሁለተኛ ጊዜ ስንከፍት ወንድሜ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ አራት ደቂቃ ቆጠረ። እማዬ እንደ መድኃኒት ፊቷን አጨማዳ ፉት አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደገመች። «ስኳር ጨመርክበት እንዴ?» ብላ ወንድሜን ጠየቀችው። አልጨመረም።

የቅመም ሻያችን ለእንግዳ እንዳለ ነው። ለጠዋቱ ግን እማዬ ራሷ ሰዓት እያየች ታጠልላለች፤ የስኳር ዕቃውም ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ ወጥቷል።