ምድጃውን የሚፈትነው ማድ ቤቱ ነው

«አዲሱ ምድጃ የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ይቀንሳል፤ ኅብረተሰቡ ግን በግንዛቤ እጥረት ምክንያት እየተጠቀመበት አይደለም።» ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በተነሳ ቁጥር ይህን መሰል ዘገባ ይሰማል። ሁለቱም ሐሳቦች መታረም አለባቸው። «ግማሽ» የሚባለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቤተ ሙከራ ነው፤ «የግንዛቤ እጥረት» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ጠይቆ ያላረጋገጠው ግምት ነው። ሁለቱንም የሚያርም አንድ መንገድ አለ፦ ምድጃውን የምትጠቀምበት ሴት በገዛ ማድ ቤቷ እንድትፈትነው ማድረግ።

ስለ ሦስት ጉልቻ ጉዳት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙቀቱ በየጎኑ ያመልጣል፤ ጭሱ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። የተሻለ ምድጃ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ተመልሷል። ያልተመለሰው፣ የትኛው ምድጃ በየትኛው ቤት ምን ያህል ይቆጥባል የሚለው ነው።

ምድጃ በሦስት መንገድ ይፈተናል። አንደኛው በቤተ ሙከራ የተለካ ውኃ ማፍላት ነው። ሁለተኛው አንድን የታወቀ ምግብ እንደ ወትሮው ማብሰል ነው። ሦስተኛው፣ ቤተሰቡ የዕለት ኑሮውን እየኖረ በተከታታይ ቀናት የሚያነደውን ማገዶ መመዘን ነው። ወደ ሦስተኛው በተጠጉ ቁጥር ሥራው ይከብዳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ውጤቱም ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ውኃ ማፍላት ለእንጀራ ምድጃ ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ምጣዱን ማየት ነው። የብረት ድስት ሙቀትን ወዲያው ያሳልፋል፤ ሸክላ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ምጣድ ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መድረስ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ማገዶ የሚያልቀው አንድም እንጀራ ሳይጋገር ሸክላውን በማጋል ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሚነደው እሳት በዋናነት ከሊጡ የሚተነው ውኃ የሚወስደውን ሙቀት ይተካል። በዚህም የተነሳ አምስት እንጀራ ጋግራ የምትነሳ ሴትና ሠላሳ የምትጋግር ሴት፣ ምድጃቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ለአንድ እንጀራ የሚያነዱት ማገዶ እኩል አይሆንም። የማስታወቂያው ቁጥር የማንኛዋ ነው?

የሙቀቱ ስርጭትም አለ። ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ራሱ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ያዳርሳል፤ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ግን ባለበት ይቀራል። እሳቱ መሃል ላይ ከተከማቸ የእንጀራው መሃል ያራል፣ ጠርዙ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ብዙ ጋጋሪዎች ጭራሮና ቅጠል የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ነበልባሉ ሰፊ ነው፣ ወደሚፈለገው ጠርዝ ይገፋል፣ ምጣዱ ሲበዛበት ቶሎ ይቀነሳል። የማገዶ ማስገቢያው የጠበበ ምድጃ ደረቅ ፍልጥ በሚነድበት ቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ቅጠል በእፍኝ ለምትጨምር ሴት ግን አይመችም። ይህን ጉድለት ከመሐንዲሱ ቀድማ የምታየው ቡሃቃዋን ይዛ ምጣዱ ፊት የተቀመጠችው ናት።

«ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ጥሩ ማሳያ ነው። የምጣዱን ዙሪያ ይዘጋል፤ በኋላው በኩል የሚወጣውም ትኩስ አየር ድስት ያሞቃል። በቤተ ሙከራ ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል ተባለለት። በኢትዮጵያ ገጠር እናቶች ሲጋግሩበት ግን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መሠረት፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የመጋገሪያው ጊዜም እምብዛም አልረዘመም። ይህ ውድቀት አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ሸክም የሚያቃልል፣ ሊታመንም የሚችል ቁጥር ነው።

የማድ ቤቱ ሙከራ እንዲህ ይካሄዳል። መዛኙ ጠዋት መጥቶ የማገዶውን ክምር በሚዛን ይመዝናል፤ የእርጥበት መለኪያውን ሁለት መርፌዎች ፍልጡ ላይ ሰክቶ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ባለቤቲቱ ከዚያ ክምር ብቻ እንድታነድ ይስማማሉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። የተረፈውን ይመዝናል፣ ከማዕዱ የቀረቡትን አዋቂዎችና ልጆች ይቆጥራል። የእርጥበቱ ነገር ቀላል አይደለም፤ እርጥብ እንጨት ከሙቀቱ የተወሰነውን የራሱን ውኃ በማትነን ያጠፋል።

ሚዛን ያላየውን ደግሞ ምድጃው ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ ያያል፤ ምድጃው መቼ እንደነደደና ለምን ያህል ጊዜ እንደነደደ ይመዘግባል። በ2015 እ.ኤ.አ. የቀረበ፣ በዚህ መሣሪያ የታገዘ የኢትዮጵያ ጥናት አንድ «ምርጥ» ምድጃ በዓመት በአማካይ 634 ኪሎ ግራም እንጨት እንደሚቆጥብ አሳየ። ይህም ቀድሞ ከተገመተው ግማሽ ያህሉ ነው።

ይህ አሠራርም ክርክር አያጣውም። መዛኝ የሚጠብቅ ቤት ከወትሮው ቆጥቦ ሊያነድ ይችላል። በበጋ የተካሄደ የጥቂት ቀናት ሚዛን ለክረምት አይሠራም። አዲሱ ምድጃ ገብቶም ጉልቻው ጎን ለጎን መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ምድጃው ቀነሰው የተባለውን የካርቦን ልቀት ከመሸጥ፣ ገንዘብ ሲጠበቅ ደግሞ ቁጥር የማሳበጥ ፈተና ይመጣል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በናሙናው የታዩት የምድጃ ፕሮጀክቶች የካርቦን ቅነሳቸውን በአማካይ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ አጋንነው እንዳቀረቡ ደምድሟል። ግነቱ ያነሰው አጠቃቀሙ በቀጥታ በተለካበት አሠራር ነው።

ጊዜም ራሱን የቻለ ፈታኝ ነው። ተመራማሪዎቹ ሬማ ሃና፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ግሪንስቶን በሕንድ ኦዲሻ ግዛት የተሠሩ ምድጃዎችን እስከ አራት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹ የሚተነፍሱት ጭስ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ቤተሰቦቹ ምድጃዎቹን ያለማቋረጥ አልተጠቀሙባቸውም፣ በየጊዜውም አላደሷቸውም። በስድስተኛው ወር ተመዝኖ የተዘጋ ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ «ተሳካ» ተብሎ በተዘገበ ነበር።

ስለዚህ ዘጋቢም ሆነ የፕሮጀክት ኃላፊ «ግማሽ ይቆጥባል» ብሎ ከመጻፉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ በማን ማድ ቤት ተለካ? በምን ማገዶ? ስንት ወር ቆየ? ጉልቻውስ ዛሬም ይነዳል? ምድጃውን የተወችውን ሴት ደግሞ «ግንዛቤ የላትም» ከማለቱ በፊት ምክንያቷን ይጠይቃት፤ መልሷንም ከሚዛኑ ውጤት ጋር አብሮ ይመዝግብ።