ልጃችን ፊልም እማራለሁ አለ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ደመወዝ አጠቃቀም ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከወትሮው ለየት ይላል። ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ የመጡበትን ነገር በአጭሩ ነገሩን። የመጀመሪያ ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎአል። ቤተ ሰቡ በሙሉ መሐንዲስ ወይም የጤና ባለሙያ ይሆናል ብሎ ሲጠባበቅ፣ ልጁ «እኔ የምማረው የፊልም ሥራ ነው» ሲል ቁርጡን ተናገረ። አባትየው በግዳጅ ላይ ሳሉ ነገሩን በስልክ ሰምተው፣ «ፊልም ይታያል እንጂ ይማሩታል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ልጁም አኮረፈ። እናቲቱ በሁለቱ መካከል ቆመው፣ «የልጄን ልብ ልስበር ወይስ የባለቤቴን ቃል ልጣል? እስቲ እናንተ ምከሩኝ» አሉን።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን። በክበቡ አዳራሽ ፊልም ሲታይ ከፊት ወለሉ ላይ ተደርድረው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የሚመለከቱ፣ በማግሥቱም ያዩትን በየግቢው እየተጫወቱ የሚደግሙ ልጆች በየሰፈራችን ሞልተዋል። ፊልምን በጥርጣሬ መመልከትም አዲስ ነገር አይደለም። ጥንት በአዲስ አበባ ሲኒማ በተጀመረ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው፣ በግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድና ፈረስ ሲጋልብ ማየት የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ከሚል ፍርሃት ነበር። የዛሬ ወላጅ የሚፈራው ሰይጣንን ሳይሆን ሥራ ፈትነትን ነው። በአንድ ደመወዝ ብዙ ነፍስ ለሚያስተዳድር ወታደር ደግሞ ይህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ከማውገዝም ሆነ ከማሞገስ በፊት ይህን መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ የተጓዘ አንድ ያገራችንን ሰው ሕይወት መመርመር ይበጃል ብለን አሰብን። እርሳቸውም የፊልም ባለሙያው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የጎንደሩ ልጅ

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ፋሺስት ኢጣሊያን የተዋጉ አርበኛ፣ ስለ ጎንደር አርበኞች የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘውን መጽሐፍ የጻፉ ደራሲ፣ እንዲሁም ተውኔት እየደረሱ በየቦታው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጅየው ከአባቱ ጋር በመድረክ ላይ ወጥቶ ተጫውቶአል። ማታ ማታም በእሳት ዳር ከሽማግሌዎች አፍ ተረትና ታሪክ እየሰማ አድጎአል። እንግዲህ የጥበብ ፍቅሩ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከቤቱ የወረሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ ሲኒማ ቤት ነበር። የዚያን ዘመን ልጆች እንደሚያደርጉት ሁሉ እርሳቸውም የውጭ አገር ፊልሞችን በፍቅር ይመለከቱ ነበር። ኋላ ካደጉ በኋላ ደጋግመው የተናገሩት አንድ ነገር ግን እጅግ የሚያሳስብ ነው። ታርዛን በሚባለው ፊልም አፍሪካውያን ነጩን ጀግና ከኋላው ሊይዙት ሲመጡ፣ የጎንደር ልጆች ለታርዛን አዝነው «መጡብህ!» እያሉ በጩኸት ያስጠነቅቁት ነበር። የፋሺስትን ጦር የተዋጋ አርበኛ ልጅ በፊልም ፊት ሲቀመጥ ከራሱ ወገን ጋር ሳይሆን ከባዕዱ ጋር ተሰልፎ ተገኘ ማለት ነው። የፊልም ኃይል ይህን ያህል ነው። ይህንንም ኃይል ልጆቻችን እያዩት ብቻ እንዲኖሩ ከመተው፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው መውጣቱ አይሻልምን?

ኮሌጅ ምን ሰጣቸው?

ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በመጀመሪያ በቺካጎ ከተማ የገቡት የቴአትር ትምህርት ቤት ነው። ሐሳባቸው እንደ አባታቸው የመድረክ ሰው ለመሆን ነበር። በ1970 ግን በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አልፈው ፊልም ማጥናት ጀመሩ። በዚያም ቻርልስ በርኔትንና ጁሊ ዳሽን የመሳሰሉ፣ ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሩ።

የፊልም ትምህርት ፊልም እያዩ መዋል የሚመስለው ሰው ካለ እጅጉን ተሳስቶአል። በዚያ ዘመን ሥራው የሚከናወነው በጥቅል ፊልም ነበር። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች በካሜራው ውስጥ ያልፋሉ። አራት መቶ ጫማ ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊሜትር ጥቅል ከ11 ደቂቃ በላይ አያስቀርጽም። ጥቅሉ ውድ ነው፤ ማጠቢያውም ሌላ ወጪ አለው። ስለዚህ ተማሪው ካሜራውን ከማስነሣቱ በፊት የት እንደሚቆም፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ተዋናዩ በስንት እርምጃ እንደሚደርስ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። በተኩስ ሜዳ አምስት ጥይት ብቻ የተሰጠው ወታደር አተነፋፈሱን ሳያስተካክል ቃታ እንደማይስብ ሁሉ፣ እርሱም ሳያስብ አያነሣም። ካነሣ በኋላም ቁራጩን ከቁራጭ ሲቀጥልና ድምፁን ሲያስማማ ሌሊቱ ይነጋል። ዛሬ ጥቅሉ በዲጂታል ካሜራ ቢተካም የሥርዓቱ ቁም ነገር አልተለወጠም።

ሁለተኛው የኮሌጅ ስጦታ ጓደኛ ነው። ፊልም እንደ ግጥም አንድ ሰው በጓዳው ተቀምጦ የሚሠራው አይደለም። ኃይሌ «ቡሽ ማማ» የተሰኘውን የመመረቂያ ፊልማቸውን በሠሩ ጊዜ ካሜራ ከያዙት አንዱ የትምህርት ጓደኛቸው ቻርልስ በርኔት ነበሩ። በርኔትም በበኩላቸው «የበግ አራጁ» ሊባል የሚችለውን የመመረቂያ ሥራቸውን ከአሥር ሺሕ ዶላር በማይበልጥ ገንዘብ፣ በዕረፍት ቀናት እየሠሩ ጨረሱ። ይህ የተማሪ ፊልም በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ፊልሞች አንዱ ሆኖአል። ጁሊ ዳሽም በ1991 ባወጡት ፊልም፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የታየ ረጅም ፊልም የሠሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ለመሆን በቅተዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን የልጅነትን ፍቅር መመርመር ነው። ለታርዛን ይጮህ የነበረው ልጅ «ስለ ምን ጮኽሁ? የራሴን ወገን ማን እንዲህ አድርጎ ሣለው?» ብሎ የጠየቀው በትምህርት ላይ ሳለ ነው። የጥያቄውም መልስ ወደ አገሩ መለሰው። ኃይሌ ገና ተማሪ ሳሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በጥቁርና ነጭ ጥቅል፣ በሙያው ባልሠለጠኑ ያገር ሰዎች ተዋናይነት «ምርት፦ የሦስት ሺሕ ዓመት» በሚል ስም በዓለም የታወቀውን ፊልም ቀረጹ። ፊልሙ በ1976 ለሕዝብ ቀርቦ ተሸላሚ ሆነ። የሚተርከውም ከባለ ርስት ሥር ስለሚማቅቅ አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ነው። የከብት ጠባቂዋ ልጅ ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል በውኃ ስትወሰድ የተመለከተ፣ የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ፣ ይህ ተረት እንዳልሆነ ይመሰክራል። ካሜራ መያዝን ኮሌጅ አስተማራቸው፤ በካሜራው የሚታየውን ግን የሰጣቸው ያደጉበት አገር ነው።

እንጀራውስ?

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ታዲያ በምን ይበላል?» የሚል አባት ተገቢ ጥያቄ ጠይቆአል። ኃይሌ ገሪማ ኑሮአቸውን የመሠረቱት በፊልም ገቢ ሳይሆን በማስተማር ነው። ከ1975 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከተማሩት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ በካሜራ ሥራው በ2017 ለኦስካር ሽልማት ለመታጨት በቅቶአል።

ፊልሞቻቸውማ ዓመታትን የሚበሉ ነበሩ። ስለ ባርነት የሚተርከውን «ሳንኮፋ»ን ለመሥራት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1993 ሲጠናቀቅም የሚያከፋፍላቸው አጡ። እርሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን፣ ባለቤታቸውም የፊልም ባለሙያ ናቸውና፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ በራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡም እየተጠራራ መጣላቸው። በፊልሙ ስም የተሰየመው የመጻሕፍት ቤታቸውም በዋሽንግተን ተከፈተ። ባልና ሚስት አንድ ሸክም በሁለት ትከሻ ሲይዙት ምን እንደሚሆን የሠራዊት ቤተ ሰብ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነገሩን አናብዛው።

በ1999 ስለ ዐድዋ ድል ዘጋቢ ፊልም አቀረቡ። በ2008 ደግሞ በውጭ አገር ተምሮ ወደ እናቱ መንደር ስለሚመለስ ሐኪም የሚተርከው «ጤዛ» ወጣ። ይህ ፊልም በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ደግሞ ታላቁን የወርቅ ፈረስ ሽልማት አገኘ። በጎንደር አባቱን ተከትሎ መድረክ የወጣው ልጅ በዚያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንግዲህ መንገዱ አለ፤ አጭር ግን አይደለም።

ወላጅ ምን ይመርምር?

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ወላጆች ልጃቸውን በአራት ነገር እንዲመዝኑት እንመክራለን። አንደኛ፣ የጀመረውን ይጨርሳልን? ፊልም ማየት የሚወድ ብዙ ነው፤ አንድ አጭር ሥራ ጀምሮ የሚፈጽም ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር ይሠራልን? አንድ ሻምበል ያለ መገናኛና ያለ ስንቅ አቅራቢ እንደማይዋጋ፣ ፊልምም ያለ ድምፅ ሠራተኛና ያለ መብራት ያዥ አይሠራም። ሦስተኛ፣ ያነባልን? ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ያላነበበ፣ የሌላውን ፊልም መልሶ ከመቅዳት አያልፍም። አራተኛ፣ እጁን በአንድ የሚያበላ ሙያ ለማሠልጠን ፈቃደኛ ነውን? ድምፅ መቅረጽ፣ ፊልም ማቀናበር፣ ማስተማር ዳቦ የሚሆኑ ሙያዎች ናቸው። ባገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቶአል፤ የፊልም ትምህርትም በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ተጀምሮአል። ስለዚህ መጀመሪያ በቴአትር፣ በሥነ ጽሑፍ ወይም በጋዜጠኝነት ተመርቆ ከዚያ ወደ ፊልም መሻገርም አንድ መንገድ ነው።

የሃምሳ አለቃው ቤት

ለእናቲቱ የሰጠነው ምክር እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጅዎን እሺም እምቢም አይበሉት። በእርስዎ ስልክ፣ በዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ወር የሚያልቅ አንድ አጭር ፊልም ሠርቶ ለአባቱ ያሳይ። ሥራው ራሱ ይናገር።»

ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጥተው የሆነውን ነገሩን። ልጁ ሌላ ነገር ሳይፈልግ የቀረጸው እርሳቸውን ነበር። ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥተው ለባለቤታቸው የሚልኩትን ስንቅ ሲያዘጋጁ፣ ገብስ ሲቆሉ፣ በሶውን በከረጢት ሞልተው አፉን ሲሰፉ፣ በመካከሉ ስልካቸውን አንሥተው ሲደውሉና መሥመሩ አልገባ ሲላቸው፣ ስልኩን አስቀምጠው እንደገና መርፌያቸውን ሲያነሡ ይታያል። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ነው። አንድም ቃል አይነገርበትም።

ሃምሳ አለቃው ለፈቃድ በመጡ ጊዜ ከእራት በኋላ አዩት። ካለቀ በኋላ «ድገመው» አሉ። ሁለተኛውን ጊዜ አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣

«ይህን ሁሉ ሌሊት ነው የምትሠሪው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቀንማ ልጆቹ አሉ» አሉ እናቲቱ።

ከዚያም አባት ልጁን አስቀምጠው ተናገሩት፦ «ስማ ልጄ፤ የመጀመሪያው ዓመት ውጤትህ ከዚህ ዝቅ ካለ እንደገና እንነጋገራለን። ሙያውን እንጂ ስሙን ብቻ ይዘህ እንዳትመጣብኝ።»

ልጁም «እሺ፣ አባዬ» ብሎ ጕልበታቸውን ሳመ።

የመረጠው ትምህርት ይደርሰው እንደሆነ የሚታወቀው ምደባው ሲወጣ ነው። ሃምሳ አለቃው ግን ፈቃዳቸውን ጨርሰው ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ያን ሰባት ደቂቃ በስልካቸው ይዘው ሄደዋል። ባለቤታቸው እንደነገሩን፣ አሁን በሶው በደረሳቸው ቁጥር ይደውላሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም «ዛሬስ በስንት ሰዓት ተነሣሽ?» ብለው ነው።